ሦስት ጊዜ የተሰበረ ሻፍትና አንድ ዶክትሬት

የምህንድስና ዶክትሬት ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ ብለው የሚያማክሩኝ ሰዎች በየጊዜው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ነገሩን በልባቸው ጨርሰውታል፤ ከእኔ የሚጠብቁት ምርቃት ብቻ ነው። ምርቃት አልነፍግም። ነገር ግን የገባሁበት ምክንያትና ይዤው የወጣሁት ነገር ስለማይመሳሰሉ፣ የራሴን ታሪክ ሳልናገር «ግባ» ወይም «ተው» ማለት ይከብደኛል። አንዳንዱ የሚያሳፍር ቢሆንም እነሆ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። በአራተኛው ዓመቴ የአንድ ትልቅ ፓምፕ ሻፍት፣ ፓምፑን የሚያሽከረክረው የብረት ዘንግ፣ ተሰበረ። ዕቃ ነውና ይሰበራል፤ ለወጥነው። ከሰባት ወር በኋላ አዲሱም በዚያው ቦታ፣ ሻፍቱን ደግፎ የሚይዘው ኩሽኔታ ከሚቀመጥበት ቀጭን አንገት ሥር፣ ለሁለት ተከፈለ። «ቀጥኖ ነው» ተባለ። ስለዚህ ሦስተኛውን በቶርኖ፣ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ ስናሠራ ወገቡን አወፈርነው። ኩሽኔታውን መቀየር ስለማይቻል ግን የአንገቱ ውፍረት እንደነበረ ቀረ። ሻፍቱ በተገጠመ ማግሥት ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ወደ እኔ ዞረው «አሁን ስንት ጊዜ ይቆያል?» አሉኝ። «አንድ ዓመት» አልኩ።

ይህን ቁጥር ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። አላሰላሁም፣ መጽሐፍም አልገለጥኩም። ዝም ማለት አሳፍሮኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ቁጥሩ በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ፤ የመለዋወጫ ግዢው ዕቅድም በእሱ ላይ ተመሠረተ። ሻፍቱ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ተሰበረ።

ቁራጩን ወደ ቤት ወሰድኩት። የተሰበረው ፊቱ የእጅ መዳፍ ያህላል። አብዛኛው ክፍል ልስልስ ያለ ሆኖ፣ ከአንድ ጠርዝ ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን ቅስቶች አሉበት፤ ውኃ ሲሸሽ አሸዋ ላይ የሚተወውን መስመር ይመስላሉ። በወዲያኛው ጎን ያለው ጥቂት ቦታ ብቻ ሻካራና ብልጭልጭ ነው። የክፍላችን ነባር ሠራተኞች አይተው «ብረቱ ደክሟል» አሉ። ልክ ነበሩ፤ መሐንዲሶችም የሚጠሩት የብረት ድካም ብለው ነው። አንድ ጊዜ ቢመጣ ምንም የማያደርስ ጫና ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስ ስንጥቅ ይወልዳል። ስንጥቁ በየዙሩ ዓይን በማያየው መጠን ይረዝማል። በመጨረሻ የቀረው ጤነኛ ብረት ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው በቅጽበት ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በ1842 ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አጠገብ የባቡር አክስል (የጎማ ዘንግ) ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ካለቁ ወዲህ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው፤ ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር እስከ 1870 ድረስ ለዓመታት አክስሎችን በማሽን እያመላለሰ ስንት ዙር እንደሚችሉ ለክቷል። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር፣ በእጄ የያዝኩት ብረት የሆነውን ሁሉ ጽፎልኝ ማንበብ አለመቻሌን ነው።

ዶክትሬት ለምን እንደጀመርኩ ስጠየቅ የምናገረው ይህንን ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሌሊት በስልክ ተጠርቶ ፓምፕ መፍታት ሰልችቶኝ ነበር። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬም ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሲሄድ ቅናት ቢጤ ያዘኝ። «ዶክተር» መባልም አይጠላም። እነዚህን ምክንያቶች በማመልከቻዬ ላይ አልጻፍኳቸውም፤ ማንም አይጽፋቸውም። ለራሳችሁ ግን ንገሩት። ያልተነገረ ምክንያት በሦስተኛው ዓመት ሌሊት ላይ ተነሥቶ ያፋጥጣል።

በላቦራቶሪያችን ስድስት ነበርን። አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን፣ ያለ ሦስተኛ ዲግሪ የማዕረግ ዕድገት ስለተዘጋበት መጣ። ሌላዋ ተርባይን በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ነበረች፤ ወደ ምርምር ክፍሉ ለመግባት ዶክትሬት ይጠየቅ ነበር። አንዱ በዚያ አገር ለመኖር የሚያስችለውን ፈቃድ ፍለጋ መምጣቱን ሳያፍር ይነግረን ነበር፤ እኔም የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም። አንዱ ሲመረቅ ሥራ ጠፍቶበት «እስከዚያው ልማር» ያለ ነው። አንዷ ከልቧ ሒሳብ ትወድ ነበር፤ ከሁላችንም ንጹሕ ምክንያት ያላት እሷ ነበረች። ከስድስታችን ሁለቱ አቋርጠው ሄዱ። አንደኛው ያ «እስከዚያው» ያለው ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ ሒሳብ ወዳዷ። ከሁላችንም ትበልጥ የነበረች ልጅ ናት፤ ነገር ግን የምትወደው ሒሳቡን ስለነበር፣ የተሰጣት ሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መለኪያ ማስተካከል መሆኑን ስታውቅ ሌላ የሚያቆያት ነገር አላገኘችም። ለመኖሪያ ፈቃዱ የመጣው ግን ጨረሰ፤ ጥሩ አድርጎም ጨረሰ። ስለዚህ ምክንያት የተቀደሰ መሆን አለበት የሚለውን ወሬ አላምንበትም። ቢቻል ከአንድ በላይ ይሁን፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል። የምፈራው «ምን እንደምሠራ ስላላወቅሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ሁሉ ፕሮፌሰር ሊሆን ነው የሚለው አስተሳሰብም በምህንድስና ዘንድ ቦታ የለውም። በአሜሪካ ዶክትሬቱን ጨርሰው ሥራ ከሚይዙት መሐንዲሶች አብዛኞቹ የሚቀጠሩት በኢንዱስትሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በዚያው አገር የምህንድስና ዶክትሬት ከሚቀበሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ አገር በጊዜያዊ ቪዛ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ «እኔን ከመሰለ ሰው ጋር የማይሄድ ነገር ነው» ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ እንደ እሱ ያሉት ብዙኃኑ መሆናቸውን ይወቅ።

ዲግሪው ራሱም ቢሆን እንደ ሕግና እንደ ሕክምና ዶክትሬት ሽበት ያበቀለ አይደለም። በአሜሪካ በምህንድስና የመጀመሪያው የሚባለውን ዶክትሬት ዊላርድ ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1863 ከዬል ሲቀበል የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ጥርሳም ጎማዎች ጥርስ ቅርጽ ነበር። በጀርመን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ዶክትሬት የመስጠት መብት ማግኘት የጀመሩት በ1899 ነው። ያኔ ነባሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች «ዘይት የነካው እጅ ዶክተር ሊባል ነው?» በሚል መንፈስ ተቃውመው ነበር፤ ማዕረጉም ከእነሱ እንዲለይ በላቲን ሳይሆን በጀርመንኛ እንዲጻፍ ተደረገ። ይህን የምተርከው ወድጄ አይደለም። የዲግሪው ጠባይ ዛሬም ይኸው ስለሆነ ነው፤ አንድ እግሩ በአውደ ጥናት፣ አንድ እግሩ በብረት ሥራ ቤት ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚንቅ ሰው ሲቸገር አይቻለሁ።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። በምህንድስና አብዛኛው ምርምር በፕሮጀክት ይደገፋል፤ የትምህርት ክፍያችሁንና የኑሮ አበላችሁን የሚሸፍነው አማካሪያችሁ ያመጡት ገንዘብ ነው። በዚህ ምክንያት ርዕሱ ግማሽ በግማሽ ተወስኖ ይጠብቃችኋል። በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት፣ የክፍል ትምህርት በሚጨመርበት በአሜሪካ ደግሞ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያስጀመረችው ዓይነት የምህንድስና ዶክትሬትም አለ፤ 4 ዓመት ፈጅቶ ከጊዜው ሦስት አራተኛ ያህሉ በኩባንያ ውስጥ የሚያልፍ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በዚህ ዘርፍ ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ ሙሉ ጊዜ ዶክትሬት አትሥሩ። ገንዘብ የሚያወጣለት ካልተገኘ፣ ወይ ርዕሱን የሚፈልገው የለም ወይ እናንተን የሚፈልግ አማካሪ ገና አላገኛችሁም።

አማካሪን በተመለከተ ከርዕስ በላይ ጊዜ ስጡት። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ እንጂ ብልህ አልነበርኩም፤ አማካሪዬን የመረጥኳቸው ከአንድ ጽሑፋቸው በቀር ሳላውቃቸው ነው። ዛሬ ብሆን ለተመረቁት ተማሪዎቻቸው፣ በተለይም ላቋረጡት፣ እጽፍ ነበር። የምጠይቀውም «ጥሩ ሰው ናቸው?» ብዬ አይደለም፤ ለዚህ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ረቂቅ ስትሰጣቸው በስንት ሳምንት ይመልሳሉ?»፣ «የሙከራ ማሽኑን ከስንት ሰው ጋር ትጋራለህ?»፣ «የመጨረሻዎቹ አምስት ተማሪዎች በስንት ዓመት ወጡ?» እላለሁ። ረቂቅ ስድስት ወር የሚያቆዩ ደግ ሰው ዕድሜያችሁን ይበላሉ።

አሁን ወደ ሻፍቱ። ትምህርት በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአንድ ተራ የማሽን ክፍሎች ዲዛይን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ መልሱን አገኘሁት። ወፍራም ክፍል ወደ ቀጭን በሚወርድበት ደረጃ ላይ ጫና ይከማቻል፤ የደረጃው ማዕዘን ስል በሆነ መጠንና በሁለቱ ውፍረቶች መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ክምችቱ ይብሳል። እኛ ወገቡን አወፍረን አንገቱን እንደነበረ ስንተወው ደረጃውን ከፍ አደረግነው። ሻፍቱን ያጠናከርን መስሎን እንዲሰበር አፋጠንነው! መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የቶርኖ ባለሙያው ማዕዘኑን ስል ከማድረግ ይልቅ ጥቂት ሚሊሜትር ክብነት ሰጥቶ ቢያለሰልሰው በቂ ነበር። ምንም ወጪ የለውም። መጽሐፉ እኔ ከመወለዴ በፊት የታተመ ነው።

ያን ቀን ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ሳቄም እንባዬም መጣ። አገር አቋርጬ፣ ሥራ ለቅቄ የመጣሁለት ጥያቄ መልሱ በሦስት ሳምንት ተገኘ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ለምን ተሰበረ?» የሚል ዓይነት ከሆነ መጽሐፍ ግዙ፤ ቢበዛ ሁለተኛ ዲግሪ ሥሩ። ዶክትሬት አያስፈልጋችሁም፤ ይህን የምለው ሳልቀልድ ነው። እኔን በትምህርቱ ያቆየኝ ሌላኛው ጥያቄ ነበር፤ የኃላፊዬ። ስንት ጊዜ ይቆያል? የእሱ መልስ በመጽሐፉ አልነበረም። የነበረው ሥዕል ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ጫና፣ በሌላ በኩል የዙር ብዛት፣ በመካከሉም እንደ ተበተነ ጥሬ የተረጩ ነጥቦች። አንድ ዓይነት የተባሉ ሁለት ናሙናዎች በአንድ ዓይነት ጫና፣ አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ ሊቆይ ይችላል። በነጥቦቹ መካከል የተሰመረው መስመር ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል መጽሐፉ አይናገርም።

የእኔ ርዕስ በብየዳ የተያያዙ የብረት ሳህኖች ድካም ሆነ። ሥራው ሲታይ አሰልቺ ነው። ናሙናውን በማሽኑ ሁለት መንጋጋዎች መካከል ታስራላችሁ፤ ማሽኑ በሰከንድ 20 ጊዜ ይስበዋል፣ ይለቀዋል። 10 ሚሊዮን ዙር ለመድረስ ስድስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ይፈጅበታል፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። መብራት ከጠፋ እንደገና ነው። በዚህ ዓይነት በስምንት ወር 31 ናሙና ሰበርኩ። ውጤቱ የተበታተነ ነበር፤ ተመሳሳይ ከሆኑት ውስጥ አንዱ በ300 ሺህ ዙር ሲሰበር ሌላው 2 ሚሊዮን ይደርሳል። እኔም ጎበዝ ነኝና ብትንትኑን የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ አወጣሁለት። የብየዳው ጥራት መለያየት ነው ብዬ 40 ገጽ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ጡረታቸው የቀረበው የላቦራቶሪው ቴክኒሻን በትሪ ከደረደርኳቸው ስብርባሪዎች አጠገብ ቆሙ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብዙ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «ሁሉም የሚሰነጠቁት በመስኮቱ በኩል ነው። አይተኸዋል?» አሉኝ።

አላየሁትም። ናሙናዎቹን ሳስር አንድ ፊታቸው ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ይዞራል። የብየዳው ጥራት ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ አንዳንዴ በዚህ፣ አንዳንዴ በዚያ መጀመር ነበረበት። ከ31ዱ 29ኙ በመስኮቱ በኩል ጀምረዋል። በማግሥቱ በአንድ ናሙና ሁለት ፊት ላይ መለጠጥን የሚለካውን ትንሽዬ ስስ መለኪያ፣ ስትሬን ጌጅ የሚባለውን፣ ለጠፍን። ማሽኑ ቀጥ አድርጎ አይስብም ነበር። መንጋጋዎቹ በፀጉር ልክ ተዛንፈው ናሙናውን እየሳቡ በዚያው ያጎብጡታል። በብየዳው ሙቀት ትንሽ የተጣመመ ሳህን ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጫና እንደ ናሙናው ከ9 እስከ 22 በመቶ ይጨምር ነበር። የስንጥቅ ፍጥነት በብረት ላይ በግምት የጫናውን ሦስተኛ ርቢ ስለሚከተል፣ 22 በመቶ ማለት ስንጥቁ ከ1.8 ጊዜ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው። ንድፈ ሐሳቤ የብየዳን ጠባይ ሳይሆን የአንድ የላላ ብሎን ጠባይ ሲያብራራ ነበር የከረመው።

ለአማካሪዬ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰምተው አልተቆጡም፤ አላጽናኑኝምም። «ስንቱን ደግመህ መሥራት ትችላለህ?» አሉና ቀን መቁጠሪያ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ወር የሕይወቴ መጥፎ ወር ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ አላወራም። ብቻ ይህን ልበል። ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ሰው የራሱን አእምሮ መጠርጠር ይጀምራል። ከላቦራቶሪው ውጭ የሚያውቃችሁ፣ ስለ ብረት ግድ የሌለው ሰው ያስፈልጋችኋል። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልጣመ፣ ሐኪም ማየት ጽሑፍ ከማስረከብ ይቀድማል።

31ዱን ናሙና ግን አልጣልኳቸውም። ሁለተኛውን ዙር በተቃናው ማሽን ስሠራ ብትንትኑ በጣም ጠበበ፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ሳስተያይ መዛነፉ ምን ያህሉን እንዳመጣ መለካትና የሳህኑን ዕድሜ የሚገምት ቀመር ማውጣት ቻልኩ። ከጽሑፌ ውስጥ ዛሬም ሰው የሚጠቅሰው ያ ምዕራፍ ብቻ ነው። ቴክኒሻኑን በጽሑፉ መግቢያ ላይ በስም አመሰገንኳቸው። «የኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል?» ብለው ተቆጡ፤ ቅጂውን ግን ጠይቀው ወሰዱ።

ከዚያ ምዕራፍ የወጣውን ጥናታዊ ጽሑፍ ሁለት ጆርናሎች መለሱብኝ። አንደኛው ገምጋሚ የጻፈው ሁለት መስመር ነው፤ አላነበበውም ብዬ እስከዛሬ እምላለሁ። ሁለተኛው ሦስት ገጽ ሙሉ ነቀፈኝ፤ ከስድቡ ሁሉ ግማሹ ልክ ነበር። አማካሪዬ በዚያ ሰሞን የአሜሪካዊውን መሐንዲስ የፖል ፓሪስን ታሪክ ነገሩኝ። ያ የሦስተኛ ርቢ ስሌት የመጣው እሱ ባወጣው ሕግ ነው፤ ዛሬ የአውሮፕላን አካል ስንጥቅ የሚያሰሉ መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል። ጽሑፉን ግን ሦስት ታላላቅ ጆርናሎች ውድቅ አድርገውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመው በአንድ ዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ ነው። በእርግጥ ውድቅ የተደረገ ሁሉ ፖል ፓሪስ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። ቢሆንም በዚያች ምሽት ጠቅሞኛል።

የመመረቂያ ጽሑፌን የተከላከልኩበት ቀን ትዝ የሚለኝ በአንድ ጥያቄ ነው። ከውጭ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው «ቀመርህ ለ5 ሚሊሜትር ሳህን ይሠራል?» አሉ። «አላውቅም» አልኩ። «የለካሁት ከ10 እስከ 25 ሚሊሜትር ያለውን ነው። ከዚያ በታች ብየዳው ሳህኑን ይበልጥ ስለሚያጣምመው ቀመሩ ዕድሜውን አብዝቶ የሚገምት ይመስለኛል። ምን ያህል እንደሚሳሳት ለማወቅ ግን ቢያንስ አሥር ናሙና መስበር አለብኝ።» ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሚቀጥለው ገጽ አለፉ። እኔ ግን ከገጹ ጋር አላለፍኩም፤ ልቤ ያ ስብሰባ ላይ ነበር። «አንድ ዓመት» ያለው አፍ ይኸው አፍ ነው።

እንግዲህ ምን አገኘህ ብትሉኝ፣ በመጀመሪያ የማነሣው ይህንን ነው። ዛሬ የምሠራው የፋብሪካ መሣሪያዎችን ዕድሜ በሚመረምር ድርጅት ውስጥ ነው። «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ሲሉኝ አንድ ቁጥር አልሰጥም። «እስከ 14 ወር የመሰበር ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ጫናውን የለካነው በሁለት ቦታ ብቻ ስለሆነ በ9ኛው ወር ከፍታችሁ እዩት» እላለሁ። ደንበኞች አንዳንዴ ይበሳጫሉ፤ አንድ ቁጥር ይዞ መሄድ ያምራል። አንድ ጊዜ ሻጭ መጥቶ በግድግዳው ላይ ሦስት ነጥብና ቀጥ ያለ መስመር አሳየን፤ አዲሱ ቅብ የዕቃውን ዕድሜ እጥፍ ያደርጋል አለ። በየነጥቡ ስንት ናሙና እንደተሰበረ ጠየቅሁት። «አንድ አንድ» አለ። ክፍሉ ዝም አለ። ያ ዝምታ፣ ልንገራችሁ፣ ከአምስት ዓመት ድካም ጥቂቱን ይክሳል።

ሌላው መጻፍ ነው። መሐንዲስ መጻፍ አይወድም፤ እኔም አልወድም ነበር። አራት ጊዜ ተመልሶ የተጻፈ ምዕራፍ ግን ሐሳብ የት ላይ እንደሚላላ ያሳያል። ከአንደኛው ዓመት ጀምራችሁ ጻፉ፤ ያልተጻፈ ሙከራ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተሠራ ይሆናል። የቀን ማስታወሻ ያዙ፤ የክፍሉን ሙቀት፣ ናሙናውን ማን እንዳሰረው፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ሁሉ መዝግቡ። እኔ በመስኮቱ በኩል ያለውን ፊት ምልክት ባላደርግበት ኖሮ ቴክኒሻኑም አያዩትም ነበር። ምልክት ያደረግሁት ደግሞ በልማድ እንጂ በብልሃት አይደለም።

የጎደለብኝንም ልናገር። እኔ ስማር አብረውኝ የተቀጠሩት የክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ ቤት ሠሩ። ደመወዜ ዛሬ ከእነሱ የሚበልጥ ቢሆንም ያለፉትን ዓመታት ገቢ ገና አላካካስኩትም፤ አንዴ ቁጭ ብዬ አስልቼው ወረቀቱን ቀደድኩት። ሁለት ቀጣሪዎች «አንተ ለዚህ ሥራ ትበዛለህ» ብለው መልሰውኛል። ገንዘብ ብቻ ብላችሁ የምትገቡ ካላችሁ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ፤ በብዙ የምህንድስና ዘርፎች ሁለተኛ ዲግሪና ጥሩ የሥራ ልምድ ቶሎ ያደርሳል። «ዶ/ር» የሚለው ማዕረግም ቢሆን አውሮፕላን ላይ የታመመ ሰው ሲገኝ አንገት ማስደፋቱ ይበዛል።

ርዕሳችሁ ጠባብ ሆኖ ዕድሜ ልክ የሚያስራችሁ ከመሰላችሁ ግን አትፍሩ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ክሎድ ሻነን ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ1940 የሠራው ስለ ዘረመል ሒሳብ ነው፤ ጽሑፉ ያኔ ሳይታተም ቀረ። ከስምንት ዓመት በኋላ ያወጣው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ነው የዛሬ ስልካችን ሁሉ የቆመበት። ጊብስም ከጥርሳም ጎማ ተነሥቶ የቴርሞዳይናሚክስ ምሰሶ ሆኗል።

ያቺ የሻፍት ቁራጭ እስከዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለች፤ ወረቀት እንዳይበር ላዩ ላይ አስቀምጣታለሁ። በቅርቡ አብራን የምትሠራ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ዶክትሬት ልጀምር ነው ብላ ልታማክረኝ መጣች። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ገንዘቡም፣ ስለ አማካሪውም፣ ስለ ጉድጓዱም። ሳወራ ቁራጯን አንሥታ ታገላብጣት ነበር። የሰማችኝም አልመሰለኝ።

«ስንጥቁ የጀመረው ከየት ይመስልሻል?» አልኳት፤ ሁሉንም የምጠይቀው ጥያቄ ነው።

ቅስቶቹን በጣቷ ተከትላ ትክክለኛውን ጠርዝ አሳየችኝ። ወዲያው አዙራ ወደ ብርሃኑ አቀረበቻትና «ዶክተር፣ ይቺኛዋስ?» አለች። ከጀማሪው ጠርዝ ትይዩ፣ ሻካራው ክፍል ሊጀምር ሲል፣ የጥፍር ያህል የምትሆን ልስልስ ቦታ አለች። በእሷም ላይ ቀጫጭን ቅስቶች ይታያሉ፤ አቅጣጫቸው ግን የተገለበጠ ነው። «ሁለት ቦታ ነው እንዴ የጀመረው?»

ስንት ዓመት ለስንት ሰው «ከአንድ ቦታ ነው የጀመረው» እያልኩ አሳይቻለሁ። ከእጇ ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁ፤ አልበቃም። ማይክሮስኮፑ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ፍለጋ አብረን ወጣን።